በአንድ ዋይፋይ ላይ ሆነው የማይተያዩ ኮምፒውተሮች፦ ከየት ጀምሮ መፈለግ

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ለዓመታት ያሰባሰቡትን መንዙማ ከካሴት ወደ አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተራቸው የገለበጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ያንን ሁሉ ወደ ላፕቶፗ ልታሻግረው ፈለገች። ሁለቱም ኮምፒውተሮች የቤቱን ዋይፋይ ይዘዋል፣ ሁለቱም ላይ ኢንተርኔት ይከፍታል፤ ግን አንዱ ሌላውን አያየውም። እኔ ስደርስ ልጅቷ ሦስት ቀን ስትነካካው ከርማለች፦ ፋየርዎል (ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣን ግንኙነት የሚያጣራውን መከላከያ) አጥፍታለች፣ ራውተሩን ሁለት ጊዜ ሪሴት አድርጋለች፣ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ልታስጭን ቆርጣ ነበር። "አብሽር፣ ቡናው እስኪደርስ ያልቃል" አሉኝ አባት። አቦሉም ቶናውም ተጠጣ፤ መፍትሔው የተገኘው በረካው ላይ ነው።

ኮምፒውተር ስጠግን እንዲህ ያለ ቤት ብዙ አይቻለሁ። ሰው የሚደክመው ችግሩ ከባድ ሆኖ ሳይሆን ከመሃል ስለሚጀምር ነው። ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ እየፈተሹ ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። የታችኛው ሳይረጋገጥ የላይኛውን መንካት ነገሩን ያወሳስበዋል። የምጽፈው በዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ ቤት ውስጥ በብዛት የማገኘው እሱን ስለሆነ።

በቅድሚያ፦ ኢንተርኔት ሌላ፣ የቤት ኔትወርክ ሌላ

ሳሎን የተቀመጠው ራውተር ሁለት ሥራ አለው። አንዱ የቤቱን ዕቃዎች እርስ በርስ ማገናኘት ነው፤ ሌላው ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት። ሁለተኛው ቢቋረጥ የመጀመሪያው አይቋረጥም። እኛ አካባቢ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በጠፋበት ወቅት ብዙ ሰው ራውተሩን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ከቶት ነበር። ነገር ግን መብራት እስካለ ድረስ ያ ራውተር ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል ያሻግራል፣ በዋይፋይ ፕሪንተር ያሳትማል፤ ለዚህ አንድ ሜጋ ካርድ አያስፈልገውም።

በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ዩቲዩብ ስለከፈተ ብቻ "ኔትወርኩ ደህና ነው" ማለት አይቻልም። የተረጋገጠው ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ገና አልተፈተሸም።

1. ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው?

ቀላል ይመስላል፤ ግን ከማያቸው ችግሮች ብዙዎቹ እዚሁ ይፈታሉ። የሁለቱንም የዋይፋይ ምልክት ተጭናችሁ የተያያዙበትን ስም ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንዱ ትናንት መብራት ሲጠፋ የስልክ ሆትስፖት ይዞ እዚያው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ለእንግዳ የተከፈተውን "ጌስት" የሚል ኔትወርክ ይዟል፤ ጌስት ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ የቤቱን ዕቃዎች እንዳያይ ታስቦ የተሠራ ነው።

ሁለት ራውተር ያለበት ቤት ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሞደም ሳሎን ይቀመጣል፤ ሲግናሉ ሰርቪስ ቤት አልደርስ ሲል ሌላ ራውተር ይገዛና በኬብል ይቀጠላል። ይሄ ሁለተኛው ምንም ሳይስተካከል ከተሰካ ከመጀመሪያው የተለየ የራሱን ኔትወርክ ያበጃል። ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን አንድ ብታደርጉትም ለውጥ የለውም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከሁለተኛው ራውተር በኩል ያለው ኮምፒውተር ሳሎን ያለውን ያገኘዋል፣ የሳሎኑ ግን ወደ እሱ አይደርስም። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ግንኙነት ካያችሁ ሌላ ነገር ሳትነኩ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ።

መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር "አክሰስ ፖይንት" በሚለው አሠራር ላይ ማድረግ ነው። ይህ ምርጫ ከሌለው፣ መጀመሪያ የራሱን አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ከዋናው ጋር በማይጋጭ ቁጥር ቀይሩት። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛውን ማንም ያልያዘው መሆኑን አይታችሁ 192.168.1.2 በሉት። ከዚያ "ዲኤችሲፒ" የሚለውን፣ ማለትም ለዕቃዎች አድራሻ የሚያድለውን አሠራር፣ አጥፉ። በመጨረሻም ከዋናው የሚመጣውን ኬብል "ዋን" ከሚለው ቀዳዳ ነቅላችሁ "ላን" ከሚሉት በአንዱ ሰኩት። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ፤ ዲኤችሲፒውን አስቀድሞ ያጠፋ ሰው ተመልሶ ራውተሩ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል።

2. አድራሻቸውን አንብቡ

ስታርት ላይ ሲኤምዲ ብላችሁ ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል "አይፒኮንፊግ" ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ፦ አይ፣ ፒ፣ ሲ፣ ኦ፣ ኤን፣ ኤፍ፣ አይ፣ ጂ፣ ሳይለያይ። ከሚወጣው ዝርዝር "አይፒቪ4 አድሬስ" የሚለውን መስመር ፈልጉ፤ ብዙ መስመር ቢወጣ የዋይፋዩን እዩ። "ዲፎልት ጌትዌይ" የሚለው ደግሞ የራውተሩ አድራሻ ነው። የሁለቱንም ኮምፒውተሮች ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት።

ቤት ውስጥ በተለመደው አሠራር የመጀመሪያዎቹ ሦስት የቁጥር ክፍሎች አንድ መሆን አለባቸው፤ የመጨረሻው ብቻ ይለያያል። አንዱ 192.168.1.5 ሌላው 192.168.1.9 ከሆነ ጎረቤታሞች ናቸው። አንዱ 192.168.1.5 ሌላው 192.168.0.7 ከሆነ የተለያየ ኔትወርክ ላይ ናቸው፤ ወደ ቁጥር 1 ተመለሱ።

ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ አላገኘም፤ ለራሱ የሰጠው ጊዜያዊ ቁጥር ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ቀድሞ ሲነሳ ይህ ያጋጥማል። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ካልሆነ ራውተሩን ነቅላችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁና መልሳችሁ ሰኩት። አሁንም እምቢ ካለ ኔትወርኩን "ፎርጌት" ብላችሁ እንደ አዲስ ያዙት።

3. ፒንግ አድርጉ፣ መልሱንም በደንብ አንብቡ

ፒንግ ሌላውን ዕቃ "አለህ?" ብሎ የሚጠይቅ ትዕዛዝ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ የችግሩን ቦታ የሚነግራችሁ ይህ ነው። በዚያው ጥቁር መስኮት "ፒንግ" ብላችሁ (ፒ፣ አይ፣ ኤን፣ ጂ) ክፍት ቦታ ተዉና መጀመሪያ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ። አራት መልስ ይመጣል። ራውተሩ አጠገብ ከሆናችሁ እያንዳንዱ ጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አንዴ 3፣ አንዴ 400 እያለ የሚዘል ከሆነ፣ ወይም ከአራቱ አንዱ ሁለቱ ከጠፋ፣ ሲግናሉ ደካማ ነውና በቀጥታ ወደ ቁጥር 7 ሂዱ።

ራውተሩ በደንብ ከመለሰ የሌላውን ኮምፒውተር አድራሻ ፒንግ አድርጉ። ሦስት ዓይነት ነገር ልታዩ ትችላላችሁ።

"ሪፕላይ ፍሮም" ብሎ የዚያኛውን ኮምፒውተር አድራሻ ካሳየ መንገዱ ክፍት ነው፤ ችግሩ ሼር አደራረጉ ላይ ነው። ቁጥር 6 ላይ እንገናኝ።

"ሪፕላይ ፍሮም" ብሎ የራሳችሁን አድራሻ ካሳየና ከጎኑ "አንሪቸብል" የሚል ቃል ካለ ተጠንቀቁ። መልስ የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን የራሳችሁ ኮምፒውተር "አጣሁት" እያላችሁ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አንብቦ ተሳስቷል። ይህ ከመጣ ወደ ቁጥር 5 ሂዱ።

"ሪኩዌስት ታይምድ አውት" ካለ ደግሞ ወይ ያኛው ኮምፒውተር ሰምቶ ዝም ብሏል፣ ወይ ድምፃችሁ ጭራሹን አልደረሰውም። ሁለቱን የምትለዩበት ዘዴ አለ። ፒንጉ እንዳለቀ ወዲያው "ኤአርፒ" ብላችሁ (ኤ፣ አር፣ ፒ) ክፍት ቦታ ተዉና ሰረዝ (-) እና "ኤ" ጻፉ። ኮምፒውተራችሁ በቅርቡ ያገኛቸው አድራሻዎች ዝርዝር ይወጣል። የፈለጋችሁት ቁጥር ከጎኑ በስድስት ጥንድ የተጻፈ የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ይዞ ከወጣ ኮምፒውተሩ አለ፣ በራፉም ድረስ ደርሳችኋል፤ የከለከላችሁ የራሱ ፋየርዎል ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ወይ ኮምፒውተሩ ተኝቷል፣ ወይ ራውተሩ መሃል ገብቶ እየከለከለ ነው።

የመምህሩ ቤት ቶናው እየተቀዳ ያየሁት ይሄንን ነበር። ፒንጉ ዝም አለ፤ ኤአርፒው ግን የዴስክቶፑን አድራሻ ቁልጭ አድርጎ አወጣው። ከዚያ በኋላ ራውተሩን አልነካሁትም።

4. የዝምተኛውን ኮምፒውተር ፋየርዎል አስተካክሉ

ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲይዝ አብዛኛውን ጊዜ "ፐብሊክ" አድርጎ ይመዘግበዋል፤ ካፌ ወይም መናኸሪያ እንዳለ ሰው ራሱን ይሸፍናል ማለት ነው። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ዋይፋይ፣ ከዚያም የዋይፋዩ ስም ላይ ገብታችሁ "ፕራይቬት" በሉት። ይህንን በሁለቱም ላይ አድርጉ። ቀጥላችሁ የሼሪንግ ሴቲንጉ ውስጥ በፕራይቬት ሥር "ኔትወርክ ዲስከቨሪ" እና "ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ" የሚሉትን አብሩ።

ልጅቷ ሁለት ነገር ነበር ያመለጣት። አንደኛ፣ ያጠፋችው የራሷን ላፕቶፕ ፋየርዎል ነው፤ ፋይሉ ያለው ግን የአባቷ ዴስክቶፕ ላይ ነው። በሩን የሚዘጋው የሚጠየቀው እንጂ ጠያቂው አይደለም። ሁለተኛ፣ ራውተሩን ሪሴት ባደረገች ቁጥር ዊንዶውስ እንደ አዲስ ኔትወርክ ቆጥሮ ፐብሊክ ወደሚለው ሊመልሰው ይችላል፤ ችግሩን ልትፈታ ስትል መልሳ ትተክለው ነበር።

ፋየርዎሉን ጨርሶ አታጥፉት። ግቢው ውስጥ ሦስትና አራት ተከራይ አንድ ዋይፋይ በሚጋራበት ቤት ይህን ማድረግ የመኝታ ቤትን በር ነቅሎ እንደመጣል ነው። ለብቻው የተጫነ አንቲቫይረስ ካለ የራሱ ፋየርዎል ሊኖረው ስለሚችል እዚያም ውስጥ ኔትወርኩ የታመነ መሆኑን ንገሩት። ቪፒኤን ከበራም አጥፍታችሁ ሞክሩ። ቪፒኤን ሁሉንም ነገር በራሱ መስመር ሲወስድ የቤቱን ጎረቤት እንዳታዩ ሊያደርግ ይችላል፤ እኛ ዘንድ ስንት ላፕቶፕ ላይ ቪፒኤን ተጭኖ ተረስቶ እንዳለ ቤት ለቤት የሚዞር ያውቀዋል።

5. ኤአርፒው ባዶ ከሆነ

መጀመሪያ ያኛው ኮምፒውተር ተኝቶ እንዳይሆን ሄዳችሁ እዩት። ስክሪኑ ጠፍቶ ስሊፕ ውስጥ የገባ ኮምፒውተር ከኔትወርኩም ይጠፋል። ፋይል የሚያካፍለውን ኮምፒውተር ፓወር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሲሰካ እንዳይተኛ አድርጉት፤ ስክሪኑ ብቻ ቢጠፋ ግድ የለም።

ነቅቶም ካልተገኘ ራውተሩ ውስጥ ግቡ። መግቢያ አድራሻው፣ ስሙና የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ። ዋየርለስ በሚለው ክፍል "ኤፒ አይሶሌሽን" ወይም "ክላየንት አይሶሌሽን" የሚል ምርጫ ፈልጉ። ከበራ በዋይፋይ የተያያዙ ዕቃዎች ኢንተርኔት ያገኛሉ እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም። አጥፉት፣ ሴቭ አድርጉ። ለእንግዳ ማረፊያና ለካፌ ግን ይህ ምርጫ በርቶ መቆየት አለበት፤ እዚያ ያገለግላል።

6. መንገዱ ተከፍቶ ፋይሉ ካልተከፈተ

ፒንግ እየመለሰ "ኔትወርክ" የሚለው ፎልደር ውስጥ ኮምፒውተሩ ካልታየ አትጨነቁ። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ የአድራሻው ቦታ ሁለት ባክስላሽ (\\)፣ ከዚያ የኮምፒውተሩን አይፒ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ከተከፈተ ሥራው አልቋል። እንዲታይም ከፈለጋችሁ ሰርቪስስ ውስጥ "ፈንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን" የሚለውን አውቶማቲክ አድርጉት። "ሆምግሩፕ" የሚባለውን የድሮ ዘዴ የሚያስተምር ካገኛችሁ ጊዜ አታጥፉበት፤ ማይክሮሶፍት በ2018 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 10 አውጥቶታል።

አሁን ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ብዙ ሰው ላፕቶፑን የሚከፍትበትን አራት ቁጥር ይጽፍና ተሳስተሃል ይባላል። ያ ፒን ነው፤ የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፣ በኔትወርክ አይሻገርም። የሚጠየቀው ደግሞ ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ያለ የተጠቃሚ ስምና ሙሉ የይለፍ ቃል ነው። ያ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ከሌለው ደግሞ ዊንዶውስ ባዶ የይለፍ ቃል በኔትወርክ አይቀበልም።

የመምህሩ ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ኖሮት አያውቅም። "ቤቴ ውስጥ ከማን እቆልፈዋለሁ?" አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ልማዳቸውን ሳናስቀይራቸው ሌላ መንገድ ያዝን። ዴስክቶፑ ላይ ሴቲንግ፣ አካውንትስ ውስጥ ገብቼ ለፋይል ማሻገሪያ ብቻ የሚሆን አንድ ተጠቃሚ ከነይለፍ ቃሉ ፈጠርኩ። የመንዙማውን ፎልደር ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ፣ ሼር ብዬ ያንን ተጠቃሚ ጨመርኩና "ሪድ" ብቻ ፈቀድኩለት። ልጅቷ መቅዳት ትችላለች፣ በስህተት መሰረዝ ግን አትችልም። ስሙን ስትጽፍ ከፊቱ የዴስክቶፑን ስምና አንድ ባክስላሽ እንድታስቀድም ነገርኳት። ፎልደሩ ተከፈተ። አባት መነጽራቸውን አድርገው ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉና የፋይሎቹን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ፤ ሁሉንም የሰየሟቸው ራሳቸው ነበሩ።

"ፓስወርድ ፕሮቴክትድ ሼሪንግ" የሚለውን አጥፉ የሚል ምክር በየቦታው ትሰማላችሁ። አትቀበሉት። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው 24ኤች2 የተባለው እትም በዊንዶውስ 11 ፕሮ ላይ በቅድሚያ የተስተካከለው ያለ ስም የሚገባን ግንኙነት እንዲከለክል ነው፤ ስለዚህ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ያ አቋራጭ ላይሠራ ይችላል። ለብቻው ተጠቃሚ መፍጠሩ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። ከዚህ በፊት የተሳሳተ የይለፍ ቃል አስቀምጣችሁ ከሆነ "ክሬደንሻል ማናጀር" ውስጥ ገብታችሁ አጥፉትና እንደገና ሞክሩ።

7. ትናንት ሠርቶ ዛሬ ሲጠፋ

እዚህ ላይ ጥፋቱ በአብዛኛው የመብራት ነው። ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ አድራሻ እንደገና ሊያድል ይችላል፤ ትናንት 5 የነበረው ዛሬ 8 ይሆናል፣ ፕሪንተሩ ደግሞ 5ን ይይዛል። በቁጥር የተቀመጠ ማንኛውም አቋራጭ ያኔ ይሰበራል። ራውተሩ ውስጥ "አድሬስ ሪዘርቬሽን" የሚለው ጋ ገብታችሁ ለዴስክቶፑና ለፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር አስይዙላቸው። ከማስያዛችሁ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ "ራንደም ሃርድዌር አድሬስ" የሚለው (ኮምፒውተሩ ራውተሩ የሚለየውን መታወቂያ እንዲቀያይር የሚያደርገው) መጥፋቱን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ራውተሩ ላያውቀው ይችላል።

አንድ ቤት ደግሞ ግንኙነቱ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይቆራረጥ ነበር። ቀኖቹ እንጀራ የሚጋገርባቸው ሆነው ተገኙ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ምጣዱና ራውተሩ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ስለነበሩ ምጣዱ ሲበራ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ራውተሩም ጠፍቶ ይነሳል። ራውተሩን ወደ ሌላ መስመር ማዛወር በቂ ነበር። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ካላችሁ ከኮምፒውተሩ በፊት ለራውተሩ ስጡት።

ስለ ሲግናል ደግሞ፣ ቆርቆሮና ብረት ሞገዱን ይመልሱታል። ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ ቤት የቆርቆሮ ግድግዳና የብረት በር ካለ መሃል ላይ የሚቀር ብዙ ነው። ራውተሩን ከቡፌው ውስጥና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥታችሁ ከፍ ባለ ቦታ፣ ወደ ሌላው ክፍል በሚያይ የእንጨት በር ወይም የመስታወት መስኮት በኩል አስቀምጡት። ራውተሩ በሁለት ሞገድ፣ በ5 እና በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ የሚሠራ ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ በአንድ ክፍል ውስጥ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ያደክመዋል፤ ለራቀው ኮምፒውተር 2.4ን ስጡት። በ2.4 ላይ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 አድርጉ፤ እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚህ ናቸው።

ብዙ ፋይል የምትገለብጡ ከሆነ ግን ኬብል ተጠቀሙ። መንዙማው በጠቅላላ 40 ጊጋባይት ገደማ ነበር። በዋይፋይ በሰከንድ 5 ሜጋባይት እየሄደ ከሁለት ሰዓት በላይ ሊፈጅ ሆነ። ላፕቶፑንም ዴስክቶፑንም ራውተሩ ጀርባ ካሉት ላን ቀዳዳዎች ጋር በኬብል አያያዝናቸው። በኬብል ሲሆን አድራሻው ከዋይፋዩ የተለየ ይሆናልና አይፒኮንፊጉን ደግማችሁ እዩ፤ ፕራይቬት መሆኑንም እንደዚያው። ወደ 11 ሜጋባይት ወጣ፤ ለእኔ እንጀራው ቀርቦልኝ በልቼ፣ ሁለተኛ ቡና ሲቆላ አለቀ።